የአምስት ሰዓቷ ተረኛ

ወንድሜ ናዖድ ሲሞት እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ገና መዋለ ሕፃናት አልገባም። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ የምነግራችሁ የእኛ ሰው መርዶ አነጋገር ስለሚያናድደኝ ነው። ለትልቅ ሰው ቢያንስ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይመጡለታል። ለልጅ ግን ጭራሽ አይነገርም። እኔን ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ እትዬ ወርቂቱ ቤት ወሰዱኝና ቀብሩ እስኪያልፍ፣ ለቀስተኛው እስኪበተን ካርቱን ሳይ ሰነበትኩ። ቤቴ ስመለስ የናዖድ አልጋ የለም፤ እናቴ ጥቁር ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

"ናዖድስ?" አልኩ።

"ጌታ ጋ ሄዷል የኔ ቆንጆ" አለችኝ እትዬ ወርቂቱ። እናቴ ቀና አላለችም። ምንጣፉን ታያለች።

መሞት ምን ማለት እንደሆነ ያላወቅኩ እንዳይመስላችሁ። አውቅ ነበር። ነገሩን ያበላሸው ከዚያም አልፌ ማወቄ ነው። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ መሽተት ጀምሮ ሳለ በስሙ ሲጠራ ብድግ ብሎ ከመቃብር ስለወጣው ሰው ሰሌዳ ላይ በሚለጠፉ የጨርቅ ሥዕሎች አስተምራናለች። የተገነዘውን ሰውዬ ከዋሻው ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተራዬ ነበር። ስለዚህ "ጌታ ጋ ሄዷል" ሲሉኝ እሺ አልኩ። ጥያቄው መቼ ይመለሳል ነው። እንደሚመለስ ደግሞ አልጠረጠርኩም። የማይመለስ ቢሆን ኖሮ ትልልቆቹ ለምን በየቀኑ ይለምናሉ?

ይለምኑ ነበራ! ነገሩ እንዲህ ነው። ናዖድ የደም ካንሰር ይዞት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ሰንሰለት ጀመረች። ሐሳቡ የጋሽ ቡልቻ ነው። ጋሽ ቡልቻ በአገሩ ወታደር ነበር፤ ኦክላንድ ከመጣ በኋላ መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ይቀበላል። "ዘብ እንዴት ነው የሚጠበቀው? ተተኪው ሳይመጣ ማንም ቦታውን አይለቅም። እኛም ጌታ ፊት እንደዚያ ነው የምንቆመው" አለ። ምእመናኑ ሃያ አራቱን ሰዓት ተከፋፈሉት። ሰዓቱን የጨረሰ ሰው ለቀጣዩ ኮል ያደርግና "አስረከብኩ" ይላል፤ ቀጣዩ "ተረከብኩ" ይልና በሩን ዘግቶ ይጸልያል። ጋሽ ቡልቻ የራሱን ሰዓት እዚያችው ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ነበር የሚወጣው፣ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉበት። በአሜሪካኑ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለእናቴ ያስረክባል። እናቴ ስድስት ሲሆን ሳን ሆዜ ትደውልና ለእትዬ ወርቂቱ ታስረክባለች።

ፓስተር ኃይለየሱስ መድረክ ላይ ወጥቶ "ይህ ልጅ አይሞትም!" ብሎ አወጀ። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። ናዖድ ሞተ።

ሰንሰለቱ ግን አልቆመም።

ለምን እንዳልቆመ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ ሰርግ ላይ ጋሽ ቡልቻ፣ ፀጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ኬኩን በሹካ እየቆረሰ ነገረኝ። "እኔ ምን ላድርግ ልጄ? ከቀብር መልስ ሥራ ገባሁ። ከእኔ በፊት ያለው ሰው እንደ ልማዱ ደወለና አስረከበኝ። እንግዲህ ዘብ ነኝ፣ ሳላስረክብ ልሂድ? ለእናትሽ ደወልኩ። አንስታ 'ተረከብኩ' አለች። እሷ ተረከብኩ እያለች እኔ 'ተይው፣ ልጅሽ ሞቷል' ልበላት? አፌ ይቆረጥ!" አለኝ። ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ። ከእትዬ ወርቂቱ በኋላ ያሉትም እንዲሁ። ሁሉም እናትየዋ ስትተው እንተዋለን ብለው ይጠብቃሉ፤ እናትየዋ ደግሞ ሰዉ ሲተው እተዋለሁ ብላ ትጠብቃለች። ሀበሻ በይሉኝታ ያልገባበት ጉድ የለም። ለታመመ ልጅ የተጀመረ ጸሎት፣ ልጁ ከተቀበረ በኋላ ወራት ሙሉ ቀን ከሌሊት ሲካሄድ ከረመ። ምን እየተባለ እንደሚጸለይ አንዱ አንዱን አልጠየቀም።

እኔ ግን ምን እንደሚባል የማውቅ መስሎኝ ነበር።

የምንኖረው ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ ውብዳር ሳን ሊያንድሮ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ እያጠበች ትውልና አራት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። አባቴ እንዳልካቸው የማታ ፈረቃ ስለነበር እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። በር ላይ ይተላለፋሉ። ሲነጋገሩ እንኳ ስለ ቁልፍና ስለ ምሳዬ ነው። ቤታችን ውስጥ ማንም አያለቅስም፤ ለቅሶው እኔ ሳን ሆዜ ሳለሁ ተለቅሶ አልቋል መሰለኝ። ምግቡ ጨው የለውም። ቴሌቪዥኑ ይበራል እንጂ የሚያየው የለም። እኔም እንደነሱ ሆንኩ፤ ት/ቤት ጣቴን በር ቆርጥሞኝ ደም በደም ሆኜ አላለቀስኩም፤ ነርሷ ናት የደነገጠችው።

አምስት ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል። እናቴ ታነሳለች። "ተረከብኩ" ትላለች። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ልብስ የሚሰቀልበት ክሎዜት ውስጥ ትገባና በሩን ትዘጋለች። እኔ ደግሞ ተከትዬ በሩ ሥር ቁጭ እላለሁ፣ ጆሮዬን ለጥፌ።

ምንም አይሰማም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ጸሎት ሲጸልይ ጣሪያ ነው የሚያነሳው። ጋሽ ቡልቻ "በኢየሱስ ስም!" ሲል ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ እትዬ ወርቂቱ ከተነሳች ሕፃናት ከእንቅልፋቸው ይባንናሉ። እናቴ ግን ጭጭ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ደመደምኩ፦ ሌሎቹ የሚጮኹት ጌታ ሩቅ ሆኖባቸው ነው። የእኔ እናት ግን ቅርብ ስለሆነች ጆሮው ላይ ነው የምታንሾካሹከው። ናዖድን መልስልኝ፣ ናዖድን መልስልኝ እያለች። በእናቴ ኮራሁ።

ፓስተር ኃይለየሱስም ኮራባት። አንድ እሑድ፣ ከፈረንጆቹ ተከራይተን ከሰዓት በኋላ በምንገባበት አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ፊት ስሟን ጠራ። "እህታችን ውብዳርን ተመልከቱ! ጽናት ማለት ይህ ነው። ሐዘን ላይ ሆና እንኳ ሰዓቷን አልለቀቀችም። እኛ አውቶብስ ስንጠብቅ እንኳ መጸለይ አቅቶን!" አለ። ሕዝቡ አሜን፣ አሜን አለ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ስንወጣ ሴቶቹ ከበቧት።

"ውቢዬ፣ ይሄን የጸሎት ሕይወት እንዴት አገኘሽው? እስቲ ንገሪን፣ እኛም እንጠቀም" አለቻት አንዷ።

"እሱ ያውቃል" አለች እናቴ።

"አየሽ ትሕትናዋን!" ተባባሉ።

መኪና ውስጥ አባቴ መሪውን እንደያዘ "እስከ መቼ ነው ይሄ ነገር?" አላት።

"እኔ ላቋርጠው እንዴ?"

"አላልኩም።"

"ታዲያ ምን እያልክ ነው?"

"ምንም" አለና ሞተሩን አስነሳ።

ከኋላ ወንበር ሆኜ በአባቴ ተናደድኩበት። ናዖድን መጠበቅ ሰልችቶታል፣ ተስፋ ቆርጧል አልኩ። አባቴ ስለ ናዖድ አልነበረም የሚያወራው። ሚስቱ በየቀኑ እየተነሳች ሳጥን በምታህል ቦታ እንደምትዘጋ እያወቀ ነበር ለሥራ የሚወጣው፤ እሷን አውጣልኝ የሚለው ሰው አጥቶ ነው። ይህን አሁን ነው የማውቀው፤ ያኔ ግን አባቴን ለሳምንት ያህል አኮረፍኩት። እሱም አላስተዋለም።

ከዚያ በኋላ የሚያሳስበኝ ነገር መጣ። ናዖድ ሲመለስ እግሩ አድጎ ቢሆንስ? እናቴ የት/ቤት ጫማ ልትገዛልኝ ሳን ሊያንድሮ ሱቅ ይዛኝ የሄደች ቀን፣ ሳታየኝ የወንድ ልጅ ጫማ መርጬ ጋሪው ውስጥ ከተትኩ። ሰማያዊ፣ ከድሮው ተለቅ ያለ። ካሸሯ አንስታ ስትይዘው እናቴ አየችው። ቀለሟ ተለወጠ እላችሁ ነበር፣ ግን አልተለወጠም። ዝም ብላ ተቀበለቻትና አየት አደረገችው፤ ከዚያ መለሰችላት።

"ይሄ የእኛ አይደለም" አለቻት በእንግሊዝኛ።

ማን እንደከተተው አልጠየቀችኝም። እኔም አልተናገርኩም። አልገዛችም ማለት ገና ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዝናብ የጀመረ ሰሞን ነው። እናቴ ከሥራ ስትገባ ፊቷ ገርጥቷል፤ ኢንፍሉዌንዛ ጀማምሯታል። የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለችና ያው ተኛች። አንድ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ ጮኸ። አልሰማችም። እንደገና ጮኸ። ወንበር ስቤ ወጣሁና አነሳሁት።

"እህቴ ውብዳር" አለ ጋሽ ቡልቻ።

"ማሚ ተኝታለች" አልኩት በእንግሊዝኛ። እኛ ልጆቹ አማርኛውን እንሰማለን እንጂ የምንመልሰው በእንግሊዝኛ ነበር።

ከበስተኋላው መኪና ጥሩምባ ይነፋል። "ተኛች?" አለ። "ተኛች! ተያት፣ ተያት፣ ትተኛ።" ድምፁ ውስጥ ደስታ ሰማሁ። ምን ያስደስተዋል ይሄ ሰውዬ ብዬ በገንኩ። የፈረደበት ሰው፣ በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ትንፋሽ መተንፈሱ ነበር።

"ታዲያ ማነው የሚረከበው?" አልኩት።

"ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ለዛሬ እንኳ…"

"ኖ! እኔ እረከባለሁ!"

"አንቺ?"

"ተረከብኩ!" አልኩና ዘጋሁበት። ይቺን አንዷን በአማርኛ ነው ያልኳት።

ፈርቼ ነበር። አንድ ሰዓት ካመለጠች ናዖድ መንገድ ላይ ይቀራል፣ አለቀ ደቀቀ፣ የወራቱ ልመና ሁሉ ገደል ይገባል ብዬ ነው የፈራሁት። ክሎዜቱ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጨለማ ነው። የእናቴ ካፖርት ፊቴን ይነካኛል፤ የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ጎኔን ይወጋኛል። መጀመሪያ እንደ እሷ ለማንሾካሾክ ሞከርኩ። ጌታ የሰማኝ አልመሰለኝም፤ እኔ ከእሷ ይልቅ ሩቅ ነኝ። ስለዚህ እንደ ጋሽ ቡልቻ "በኢየሱስ ስም!" አልኩ። ከዚያ ያ ሰውዬ ከመቃብር እንዴት እንደወጣ ትዝ አለኝ። በስሙ ተጠርቶ ነው። እስካሁን ማንም በስሙ አልጠራውም ማለት ነው አልኩ፤ በቤታችን ስሙ ከተጠራ ስንት ጊዜው!

"ናዖድ!" አልኩ። "ናዖድ፣ ና ውጣ!"

ጠበቅኩ።

"ናዖድ! ና! ውጣ!" ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። "ናዖድ!"

በሩ ተበረገደ። እናቴ ናት፣ አንድ እግሯ ባዶ ነው። ብርሃኑ ከኋላዋ ስለሆነ ፊቷ አይታየኝም።

"ማንን ነው የምትጠሪው?"

"ናዖድን። ሰዓቱ ያንቺ ነው፣ ተኝተሽ ነበር።"

በሩን እንደያዘች ቀስ ብላ ቁልቁል ወረደችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

"ቲቲ" አለች። ቲቲ እኔ ነኝ። "ናዖድ እኮ አይመጣም።"

"ለምን?"

"ሞቷላ።"

"አውቃለሁ! ታዲያ ሁላችሁም የምትጸልዩት ለምንድነው?"

"እኔ እንጃ" አለች። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ ከትልቅ ሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት እሱ ነው።

"አንቺ እዚህ ውስጥ ምን ትይዋለሽ?"

"ምንም።"

"በሹክሹክታ?"

"ምንም አልልም ቲቲ። እቀመጣለሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ እወጣለሁ።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ተነስቼ በቡጢ ትከሻዋን መታኋት። "አልጠየቅሽውም? አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽውም? ለዚህ ነዋ ያልመጣው!"

አልተከላከለችም። እጄንም አልያዘችም። "ጠይቄው ነበር" አለች። "ሆስፒታል ሆኜ፣ እግሩን ይዤ፣ ቀንም ሌሊትም ጠይቄዋለሁ። እየለመንኩት ነው የሞተብኝ።"

ይህን የተናገረችው ሥራ ቦታዋ ስለተከሰተ ነገር እንደምታወራ ሰው ነው። አላለቀሰችም። እኔም መምታቴን አቆምኩ። አጠገቧ፣ ካፖርቶቹ ሥር ተቀመጥኩ። ናዖድ እንደማይመጣ ያኔ አመንኩ። ውስጤ ያለው ነገር ሁሉ ቀጥ አለ፤ የማስበው ነገር አጣሁ። ለካ እናቴ በየቀኑ የምትቀመጠው እንደዚህ ሆና ነው።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነስታ ስልኩ ጋ ሄደች። ተከተልኳት። ቁጥሩን መታችና ጠበቀች። የእትዬ ወርቂቱ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ውቢዬ! ምነው ዘገየሽ፣ ደነገጥኩ እኮ! ደህና ናችሁ?"

"ወርቂቱ" አለች እናቴ። "ናዖድ ሞቷል።"

ቀብሩን ያስተባበረችው እትዬ ወርቂቱ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እናቴን ከመቃብሩ አፍ የጎተተቻት እሷ ናት። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በየቀኑ ሲደዋወሉ፣ አስረከብኩ ተረከብኩ ሲባባሉ፣ ስሙን አንስተውት አያውቁም።

"አዎ እህቴ" አለች በመጨረሻ። "ሞቷል።"

"አንቺ በሰዓትሽ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪው?"

"እውነቱን ልንገርሽ?"

"እውነቱን።"

"ሰዓቴን ነው የማየው። አንቺ እስክትተዪ ነው እኮ የምጠብቀው፣ ውቢዬ።"

"እኔ ደግሞ እናንተን።"

"ውይ ውይ ውይ" አለች እትዬ ወርቂቱ። ከዚያ የምትስቅ ወይም የምታለቅስ መሰለኝ፤ የትኛው እንደሆነ አልለየሁም። "ወይ የኛ ነገር! ይቁም በቃ። ለሌሎቹ እኔ እነግራለሁ፤ አንቺ አትደውዪ፣ አንቺ ተኚ።"

እናቴ ስልኩን ሰቀለችና ሌላኛውን ጫማዋን አወለቀች።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። እናቴ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን በፎጣ አደረቀችና ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ሄደች።

"ማሚ፣ ማንም አልደወለም እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ይቁም ብላችኋል።"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ ቲቲ።" ክሎዜቱ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች።

በሩ ሥር አልተቀመጥኩም። ምን ይሰማል ብዬ? ድንቹን መላጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ እንደ ወትሮው ጭጭ ነበር። ቀጥሎ እንደ ሳል ያለ ነገር ሰማሁ። ቀጥሎ ቃል።

"ለመንኩህ!" አለች። "ለመንኩህ እኮ! አልሰማኸኝም?"

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። በሕይወቴ እናቴን በእንዲህ ያለ ድምፅ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ግድግዳውን ትመታለች፤ ማንጠልጠያዎቹ ይንኳኳሉ። "ልጄን! ምን አደረግኩህ? መልስልኝ! አንተን ነው የማናግረው፣ ወዴት ነው የምትሄደው፣ አንተን እኮ ነው!" ትላለች። ስሙን ጠራች፤ ናዖድ፣ ናዖዴ፣ አንጀቴ አለች። ከዚያ ለቅሶው መጣ። አባቴ ቢሰማ ኖሮ ሥራውን ትቶ ይመጣ ነበር። እኔ ደግሞ ወጥ ቤቱ መሀል ቆሜ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ያለ ምንም ቡጢና ያለ ምንም ንዴት ማልቀስ ጀመርኩ።

በራችን ተንኳኳ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው፤ በነጠላ ጫማ፣ የቤት ካፖርት ደርበው ነው የወጡት። የፈሩ ይመስላሉ። እኔን አዩኝ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ጩኸት አዳመጡ።

"ምን ሆናችሁ? ሰው ልጥራላችሁ? ማነው የሚጮኸው?" አሉኝ።

"እናቴ ናት" አልኳቸው። "እየጸለየች ነው።"

ጥቂት አዳመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጸልየው?" አሉኝ።

"ኖ" አልኳቸው፣ አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ። "ገና ዛሬ መጀመሯ ነው።"